አመስግኜ ያስጠረጠርኳቸው መሐንዲስ

ጡረታ የወጣሁ ሳምንት ባልደረቦቼ ሐዋሳ ፒያሳ ባለ አንድ ምግብ ቤት ተሰብስበው ሸኙኝ። አዘጋጃችን አቶ ብሩክ ተነሥቶ «ወይዘሮ ማርታን ከልብ እናመሰግናለን» ሲል ግማሹ ሰው ሳቀ። ሊያስቃቸው ብሎ አልነበረም፤ ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ። ተቀመጥ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። በዚህ ከተማ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው «ምስጋና» የሚለውን ቃል ከስሜ ጋር ሲሰማ መሳቅ ከለመደ ቆይቷል። አንድ ጊዜ ግን ያ ሳቅ አንድን ሰው ከሥራው ሊያስወጣ፣ ብዙ ሕፃናትን ደግሞ በተሰነጠቀ ምሰሶ ሥር ሊያስቀምጥ ደርሶ ነበር። የሥራ ዘመንሽን ጻፊው ሲሉኝ ከሁሉ ቀድሞ የመጣልኝ እሱ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ዲላ ነው፣ በሬዲዮ። ከዚያ ሻሸመኔ ሄጄ የገበያ ዋጋ ስዘግብ ቆየሁ፤ በኋላ ሐዋሳ የፍርድ ቤት ዘጋቢ ሆኜ ተመደብኩ። ብዙ ዓይነት አለቃ አይቻለሁ። አንዱ ስብሰባው ሳይጀመር ዜናው ተጽፎ እንዲደርሰው ይፈልግ ነበር፤ «ተሰብሳቢዎቹም በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» የምትለውን መስመር ራሱ ቀድሞ ይጽፋታል። ሌላው የእንግዶቹ ማዕረግ ካልተሟላ የእሳት አደጋ ዜና እንኳ አያሳልፍም ነበር። ስለ ደመወዙ ብዙ አልልም፤ በሙያው ያለፈ ያውቀዋል። ከፍርድ ቤት የያዝኩት አንድ ትምህርት አለ፦ ምስክር ያየውንና የሰማውን ለይቶ ካልተናገረ ቃሉ ዋጋ የለውም።

መጻፍ ያስተማሩኝ ግን ጋሽ ኤርሚያስ ናቸው። ረጅም ዘመን የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ማስተማር ሲተዉ ሐዋሳ ላይ አንዲት ሳምንታዊ ጋዜጣ ማዘጋጀት ጀመሩና ከፍርድ ቤት ደጅ ወስደው ቀጠሩኝ። ጽሑፍ ሲያርሙ አይቀመጡም። ማንም እንዳይገባ ጀርባቸውን ከበሩ ጋር አጣብቀው የጻፍነውን ጮክ ብለው ያነቡታል፤ ድምፃቸው የቀብር ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነው። በዚያ ድምፅ ተነብቦ ያልወደቀ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። «ታታሪ»፣ «ቅን»፣ «ምስጉን» የሚል ቃል ሲገጥማቸው ቀና ብለው «ማን አየ?» ይላሉ። ያየ ካልተገኘ ቃሉ ይሰረዛል።

ጠረጴዛቸው ላይ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የድሮ የእንግሊዞች ልብ ወለድ ነበር። በየክረምቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነቡታል። የገጠር ባለርስቶችን፣ ድግሳቸውንና የልጆቻቸውን ጋብቻ የሚተርክ ነው። መጀመሪያ ሲያውሱኝ ጨርሼው ምንም አልያዝኩም። ጨዋ ሰዎች ጨዋ ሰዎችን እየጎበኙ ሻይ ይጠጣሉ፤ ሌላ የለውም ብዬ መለስኩላቸው።

«አሁን ደግሞ ጮክ ብለሽ አንብቢው» አሉኝ።

እየከበደኝ ማንበብ ጀመርኩና አንድ ገጽ መካከል ላይ ሳቄ አመለጠኝ። ተራኪው አንድን ባለጸጋ እያመሰገነ ነበር። ለአገሩ ያለውን ፍቅር፣ ለቤተሰቡ ያለውን አሳቢነት፣ ለሾርባው ያለውን ጥንቃቄ በአንድ ዓይነት ድምፅ ይደረድራል። አንድም ክፉ ቃል የለበትም፤ ሰውየው ግን ገጹ ሳያልቅ አልቆለታል።

ጋሽ ኤርሚያስ አብረውኝ አልሳቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠራሩን ፈታተው ያሳዩኝ ጀመር። ሞኝን አትስደቢው፤ እስኪበቃው አስወሪው። ትልቁንና ትንሹን ነገር በአንድ ድምፅ ደርድሪ፣ ትንሹን መጨረሻ አድርጊ። አንባቢው የገባው እንደሆነ ለማየት ቀና አትበይ። በሳምንት አንድ አንቀጽ ወደ አማርኛ እንድመልስ ያዙኝና አንብበው ቅርጫት ውስጥ ይጥሉታል። የሚፈልጉት ትርጉሙን ሳይሆን እጄ እንዲለምድ ነበር። ስሠራው አንድ ነገር ገረመኝ። እንግሊዝኛው ያን ሁሉ ጨዋነት ለመሥራት ረጅም ዓረፍተ ነገር ይገነባል፤ እኛ «እሳቸውም እንዲህ አሉ» ብለን ሞኙን በአንድ የአክብሮት ቃል ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን።

«የሳምንቱ ምስጋና» የሚባለው ዓምዴ የተወለደው እዚያ ነው። በየሳምንቱ ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አንድ ሹም አመሰግን ነበር። የትራፊክ መብራት ተክሎ ኤሌክትሪክ ያላገናኘውን ክፍል፣ ነጂዎችን ቀለም ከመለየት ድካም ስላሳረፈ አመሰገንኩት። አንዱን የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ደጋግመው የመረቁትን ኃላፊ፣ የሪባን ነጋዴዎችን ስለማይረሱ አመሰገንኳቸው። የምጽፈው ሁሉ የተፈጸመ ነገር ነበር፤ በዓይኔ ያላየሁት አልገባበትም። ሰው ወደደው። አዲስ ከተማ ገበያ ውስጥ ገበያተኛው ሚዛን ያጎደለበትን ነጋዴ «ማርታ ታመስግንህ!» እያለ ይራገም ጀመር።

አሁን ወደ አቶ ላላሞ እመጣለሁ። የሕንፃ ቁጥጥር መሐንዲስ ነበሩ። ፒያሳ ላይ አንድ ባለ አራት ፎቅ አዲስ ሕንፃ ተሠርቶ ሳለ የታችኛው ወለል ምሰሶ ላይ ስንጥቅ አገኙና በሩን አሸጉት። ባለቤቱ ወለሉን ለመዋዕለ ሕፃናት አከራይቶት ነበር። ወላጆች ልጆቻቸውን አስመዝግበዋል፤ ትምህርት የሚጀመርበት ቀን ቀርቧል። ባለቤቱ የተሰነጠቀው ልስኑ ነው ይላል። አቶ ላላሞ ምሰሶው ነው ይላሉ። ለመሐንዲሱ ከየአቅጣጫው ስልክ ይደወላል፤ እሳቸውም አንስተው «ታሽጓል» ይሉና ይዘጋሉ።

ጋሽ ኤርሚያስ በዚያን ጊዜ ሥራ ትተው ጋዜጣውን አቶ ብሩክ ይዞት ነበር። ስለ መሐንዲሱ እንድጽፍ ተስማማን። ቢሯቸው ተቀምጬ ዋልኩ፣ ቤታቸው ሄድኩ፣ ከሚያውቋቸው ጋር ተነጋገርኩ፤ ከዚያም ያየሁትን ጻፍኩ። ከባለጉዳይ ጋር ሻይ አይጠጡም። ሥራ የሚሄዱት በእግራቸው ነው። የሚኖሩት ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ከሹም ጋር ፎቶ ሲነሱ ታይተው አያውቁም። ሁሉም የተረጋገጠ ነበር፤ በሥራዬ እንደዚያን ጊዜ እርግጠኛ የሆንኩበት ጽሑፍ ጥቂት ነው።

ጽሑፉ ለፊት ገጽ ተዘጋጅቶ ነበር። በመጨረሻ ሰዓት ማስታወቂያ መጣና ፊት ገጹን ወሰደው። አቶ ብሩክም ጽሑፉን ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ምስጋናው በሚወጣበት ቦታ አወረደው፤ የዚያን ሳምንት ምስጋና ለሚቀጥለው አሳደረው። የዓምዱ ስም አልተጻፈበትም። የእኔ ስም ግን አለበት።

ጋዜጣው በወጣ ጠዋት ወደ ሥራ የሚወስደኝ የባጃጅ ነጂ ገና ሳልቀመጥ «ዛሬስ ጨረስሽው» አለኝ።

«ማንን?»

«መሐንዲሱን ነዋ። ሻይ አይጠጡም! ሻይ ምን ያደርግላቸዋል፤ እሳቸው የሚበሉት ብሎኬት።» ሞተሩን አስነሥቶ በመስተዋቱ አየኝ። «ሁለት ክፍሏን ነገርሽን፤ ሌላውን ቤት በማን ስም እንዳሠሩት መቼ ልትነግሪን ነው?»

የጻፍኩት እንደተጻፈው እውነት መሆኑን ነገርኩት። መሪውን እስኪለቅ ድረስ ሳቀ።

«አይ አንቺ» አለኝ። «ፊትሽ እንኳ አይነቃነቅም።»

ቢሮ ስደርስ ስልኩ አላርፍ ብሎ ነበር። የሚደውለው ሁሉ ይስቃል። አንዱ «በእግራቸው የሚሄዱት መኪናውን ልጃቸው ስለያዘው ነው አይደል?» ይላል፤ ሌላዋ ፎቶ የማይነሱት የሚያውቃቸው እንዳይበዛ ነው ብላ ራስዋ ትተረጉምልኛለች። ከሰዓት በኋላ አንድ የሬዲዮ አቅራቢ ከሳቅ ድምፅ ጋር አነበበው። ያልሰረቁት ሰው በአንድ ቀን ሌባ ሆኑ፤ ያውም በእኔ ምስክርነት።

የሕንፃው ባለቤት ጊዜ አላጠፋም። ጋዜጣውን ይዞ ክፍለ ከተማው ዘንድ ቀረበና ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ጉቦኛ ነው ያሸገብኝ ብሎ አመለከተ። ክፍለ ከተማውም በአቶ ላላሞ ላይ ግምገማ ጠራ፤ ባልደረቦቻቸውና ባለጉዳዮች በተሰበሰቡበት እንዲጠየቁ። እሳቸው ከቦታው ከተነሡ የሚተካቸው ምክትላቸው ነው። ምክትላቸው ደግሞ እሽጉን በማግስቱ እንደሚያነሣ በግልጽ ይናገር ነበር። ከግምገማው ጥቂት ቀን በኋላ ሕፃናቱ ይገባሉ።

የሚቀጥለው እትም ከግምገማው በኋላ ስለሚወጣ ማስተካከያ በጋዜጣው የኢንተርኔት ገጽ ላይ አወጣሁ። ጽሑፉ አሽሙር እንዳልሆነ፣ አቶ ላላሞን በእውነት እንዳመሰገንኩ በአጭሩ ጻፍኩ። ሥሩ ላይ የተደረደረው አስተያየት ሁሉ ሳቅ ነበር። «ይቺ ሴትዮ አትቻልም» ይላል አንዱ፤ ብዙ ሰው ተስማምቶበታል።

በማግስቱ ጋዜጣውን ይዤ ጋሽ ኤርሚያስ ቤት ሄድኩ። አርጅተው ነበር፤ ቢሆንም ለማንበብ ከወንበራቸው ተነሡ። በሩን ተደግፈው በዚያው ድምፅ አነበቡት። ግማሹ ላይ ሲደርሱ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ ሊያስቀኝ ነበር። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሰውየውን አውቃቸዋለሁ፣ ያለው አደጋ ገብቶኛል፤ ግን ሊያስቀኝ ነበር። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የፈራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጋሽ ኤርሚያስ ጋዜጣውን አጠፉት። «ሰውየው ጥፋት የላቸውም?»

«ሌባ አይደሉም።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንከን ሳይወጣለት የተመሰገነ ማን አለ?»

አሰብኩ። እንዲህ የተመሰገኑ አሉ፤ ሁሉም መሳቂያ ናቸው። ተራኪው የሚወዳቸው ሌሎች ናቸው። እነሱ ይሳሳታሉ፣ አጉል ቃል ተናግረው ሰው ያሳዝናሉ፣ በኩራታቸው ይጎዳሉ፤ አንዱንም አይሸፍንላቸውም። ሳነብ የማምናቸው እነዚያን ነበር።

«አንባቢውን እንዲህ አድርጎ እንዲያነብ ያስተማርነው እኔና አንቺ ነን» አሉ ጋሽ ኤርሚያስ። «አሁን በአንባቢው አትፍረጂ።»

ከመሐንዲሱ ጋር በዋልኩበት ቀን የነገሩኝ አንድ ታሪክ ነበር። ከጉዳዩ የራቀ መስሎኝ ትቼው ነበርና ለጋሽ ኤርሚያስ አወራኋቸው። ተናገሪውም አትናገሪውም አላሉኝም። «አንዴ ከአፍሽ ከወጣ ማን እንደሚያነሣው አታውቂም» ብቻ አሉኝ፤ ከዚያ ደክሟቸው ተቀመጡ።

ግምገማው ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተቀምጧል። አቶ ላላሞ ፊት ለፊት፣ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። የሕንፃው ባለቤት ከጎን ሆኖ ጋዜጣውን እንደ ማራገቢያ ይዞታል። ባለቤቱ ተናገረ፣ ምክትላቸው ተናገረ፣ ከዚያ እድል እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው ስሜን ሲጠሩ ገና ከወንበሬ ሳልነሣ ሳቁ ተጀመረ።

አቶ ላላሞ ጉቦ ሲቀበሉ ያየ ሰው እንደሌለ፣ የጻፍኩትም እንደተጻፈው እንዲነበብ ተናገርኩ። ሳቁ ወደ ኋላ ወንበሮች ተዛመተ። አሽሙር አይደለም አልኩ። ሰብሳቢው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። አንዱ ከመስኮቱ «ምስጋናው ይቀጥል!» ብሎ ጮኸ። ድምፄን ከፍ ባደርግ ይስቃሉ፤ ዝቅ ባደርግ የባሰ ይስቃሉ። ለብዙ ዓመት የሠራሁት ድምፅ ነው፤ ሌላ የለኝም። አቶ ላላሞ ቀና ብለውም አላዩኝም።

«አቶ ላላሞ በባለጉዳይ ላይ ይጮሃሉ» አልኩ።

ሳቁ ቀነሰ።

«አንዲት ሴት ከቢሯቸው እያለቀሰች ስትወጣ አይቻለሁ።»

«እህቴ ነች» አለ አንድ ሰው ከመሀል። «እውነቷን ነው።»

ቀጠልኩ። ፋይል እንደሚያቆዩ፣ እሳቸው እስኪፈርሙ ድረስ ክረምቱ የገባበት ሰው እንዳለ ተናገርኩ። አሁን የሚያጉረመርም እንጂ የሚስቅ አልነበረም። የሚቀረኝ ያ ታሪክ ነበር። ሰብሳቢው እስክሪብቷቸውን አንስተው ይጠብቁኛል። እንደሚጎዳቸው አውቅ ነበር፤ ካልተናገርኩት ደግሞ ያልኩት ሁሉ ወደ ሳቁ እንደሚመለስ አውቅ ነበር።

«ከዓመታት በፊት አዲስ ከተማ ውስጥ መታሸግ የማይገባውን ሱቅ አሽገዋል» አልኩ። «ልኬት ተሳስተው። የጥራጥሬ ሱቅ ነበር፤ በሩ እስኪከፈት እህሉ ነቀዘ። ስሕተታቸውን ያገኘላቸው ሌላ ሰው አይደለም። ራሳቸው አገኙት፣ ራሳቸው ሄደው ከፈቱት፣ ሴትዮዋንም ጎረቤት ፊት ይቅርታ ጠየቋት። ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ፒያሳ ያለውን ሕንፃ ያሸጉት እኒህ ሰው ናቸው። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ሰብሳቢው ወደ አቶ ላላሞ ዞረው እውነት እንደሆነ ጠየቋቸው። መሐንዲሱ ተነሡ።

«ያን ጊዜ ተሳስቻለሁ» አሉ። «የአሁኑ ምሰሶው ነው። ልስን አይደለም። የማያምነኝ ሌላ መሐንዲስ አምጥቶ ያሳይ።» ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ያልሰረቁትን ሰው ሌባ ያለ አልነበረም። ከኋላ አንዲት እናት ተነሥታ ልጄን አስመዝግቤያለሁ፣ ሌላ መሐንዲስ ሳያየው እንዳይከፈት አለች፤ ብዙ እጅ ተነሣ። እሽጉ ከክፍለ ከተማው ውጭ የሚመጡ ባለሙያዎች እስኪመረምሩ እንዲቆይ፣ ምክትሉም እንዳይነካው ተወሰነ። እፎይ ልል ስል የሕንፃው ባለቤት እጁን አወጣ። ልኬት መሳሳታቸውን በራሳቸው አፍ ያመኑ ሰው ነገም የሌላውን ደጅ እንዳያሽጉ ምን ዋስትና አለ ብሎ ጠየቀ። የተናገረው ረጋ ብሎ ነው፤ ሰብሳቢውም መዘገቡት። አቶ ላላሞ በዚያው ስብሰባ ከቁጥጥር ተነሥተው የሕንፃ ፕላኖች ወደሚቀመጡበት ማኅደር ክፍል ተዛወሩ። ጡረታ እስኪወጡ እዚያው ነበሩ። ባለሙያዎቹ በኋላ መጥተው ምሰሶው እንደገና እስኪሠራ ድረስ ማንም እንዳይገባ ሲወስኑ፣ መዋዕለ ሕፃናቱም ሌላ ቤት ሲከራይ፣ ወደ ቀድሞ ቦታቸው የመለሳቸው የለም።

ያን ዕለት ግን የባለሙያዎቹ ውጤት ገና አልታወቀም። ከአዳራሹ ስንወጣ አቶ ላላሞ ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሰዉ እስኪበተን ቆሙና ወደ እኔ መጡ።

«ያን ሕንፃ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ከመንገድ ላይ።»

«ቁልፉን ዛሬ ማስረከብ አለብኝ። ከማስረከቤ በፊት ነይ።»

በእግራችን ሄድን። ጥበቃው አሳለፈን፤ አቶ ላላሞ በጎን ያለውን ትንሽ በር ከፈቱ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ አዲስ ቀለም ይሸታል። አንዱ ጥግ የሕፃናት ወንበሮች፣ ቀይና ሰማያዊ፣ እርስ በእርስ ተደራርበው ቆመዋል። ምሰሶው ከእነሱ አንድ ክንድ አይርቅም። አቶ ላላሞ የእጅ ባትሪ አብርተው በእጃቸው ጀርባ ልስኑን መታ መታ አደረጉት፤ ቁራጩ እግሬ ሥር ወደቀ። ከልስኑ ሥር ስንጥቁ ወደ ውስጥ ይቀጥላል። ጣቴን ከተትኩት፤ ጥፍሬ እስኪሰወር ገባ። በስተውስጥ የዛገ ብረት ነካኝ።

«የምጠጣውንና የማልጠጣውን ከመጻፍሽ በፊት» አሉ አቶ ላላሞ፣ «ይኸን ጽፈሽው ቢሆን ማን ይስቅ ነበር?»

ስለ ሰውየው የሚጠየቀውን ሁሉ ጠይቄ፣ ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ ጠቡ ያለበትን ምሰሶ አሳዩኝ አላልኩም። ሜትር እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝና ባትሪውን አስጠግተው ያዙልኝ። ተንበርክኬ ከወለሉ ጀምሬ ስንጥቁን ለካሁና ልነሣ ስል ብርሃኑ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

«ድገሚው» አሉኝ።